የታመመ ቡችላ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ የጎረቤት ውሻ ስድስት ወልዳ አምስቱን ሰው ወሰዳቸው። የቀረው ፀጉሩ የረገፈ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ነው። ልጆቼ «እናሳድገው» ብለው ሙጭጭ አሉ። ነገሩን ቡና ላይ ባነሳው ያልተባለ የለም። ግማሹን እኔም አምን ነበር።

«እከካም ቡችላ አይድንም፤ ቤተሰቡን ይጨርሳል»

ዓይን የሚጠየፈው በሽታ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው። እከክ የሚመጣው በዓይን በማይታዩ ተባዮች ነው። አንደኛው ዓይነት ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ክፉኛ ያሳክካል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ውሻው ከታከመ ግን ሰው ላይ አይቆይም። ሌላኛው ከእናቱ የሚወርሰው፣ በፀጉር ሥር የሚኖር ነው፤ ሰው አይነካም። የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ይለየዋል። ሁለቱም ይታከማሉ፤ ሳምንታት ግን ይፈጃል። ቡችላውን የሚገድለው ይልቅስ የእኛ መላ ነው፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባዋለን፣ እሱ ይልሰዋል፣ ይመረዛል። ለበሬ የተገዛን አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት በግምት መውጋትም ያው ነው።

«ሆዱ የተነፋው ጠግቦ ነው»

ጎኑ እየከሳ ሆዱ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ትል ነው። ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ይይዘዋል። መድኃኒቱ በ2 ሳምንቱ ይጀመራል፤ እስከ 8 ሳምንቱ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል። የትሉ እንቁላል ልጆችንም ስለሚይዝ ዓይነ ምድሩን መቅበር፣ እጅ መታጠብ ነው።

«ተቅማጡን ወተት ያቆምለታል»

የላም ወተት ያባብሰዋል። ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አብረው ከመጡ ደግሞ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ጉሉኮስ ያስፈልገዋል። በግቢያችሁ በዚህ በሽታ የሞተ ውሻ ነበረ? ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመት ሊከርም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ፤ እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ።

«ቡችላ አያብድም»

የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ቡችላ ሊያብድ ይችላል፤ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ለሃጩ ሲዝረበረብ፣ መዋጥ ሲያቅተው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለን ጣታችንን አፉ ውስጥ እንከታለን። በሽታው ያለው እዚያው ለሃጩ ውስጥ ነው። የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል መሄድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ክትባቱን ግን አያስቀርም፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ጤነኛ የሆነው ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል።

«አንካሳ ለጥበቃ አይሆንም»

የሚጮኸው በእግሩ ነው እንዴ?

«የከሳ ቡችላን ጥሬ ሳንባ ያቆመዋል»

የእኛው ቡችላ እከክና ትል ብቻ ሆኖ ተገኘና ወሰድነው። ለመስቀል በግ ሲታረድ ታዲያ አንዷ ጎረቤት ውኃ የቋጠረ ሳንባ ልትወረውርለት ስትል እጇን ያዝኳት። ከዚያ ቋጠሮ በውሻው አንጀት ትል ይፈለፈላል፤ እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ዓይነት ቋጠሮ ያበቅላል። ሳንባውን ቀበርነው፤ ለእሱ የተቀቀለ ሥጋ ደረሰው።