«አብዮቱ በቴሌቪዥን አይተላለፍም»፦ የአባባሉ መነሻና ትርጓሜ

ይህ የእንግሊዝኛ አባባል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሰልፎች ላይ፣ በግድግዳ ጽሑፎችና በዘፈኖች ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የመገናኛ ብዙኃንን ለመክሰስ፣ «ጣቢያዎቹ እውነቱን አያሳዩንም» ለማለት ነው። ይህ አረዳድ ሙሉ በሙሉ ስህተት ባይሆንም ሰሙን ይዞ ወርቁን መተው ይመስለኛል።

አባባሉን ለዓለም ያሰማው ጊል ስኮት-ሄሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በቺካጎ ተወልዶ በቴነሲ ግዛት አያቱ ዘንድ ያደገው ይህ ገጣሚ፣ በ1970 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ግጥሙን ያለ ዜማ፣ በእጅ በሚመቱ ከበሮዎች ብቻ ታጅቦ አነበበው። በ1971 ባስ፣ ዋሽንትና ድራም ተጨምረውበት እንደገና ተቀረጸ፤ ዛሬ በሰፊው የሚሰማውም ይህኛው ቅጂ ነው።

ሐሳቡ ግን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1968፣ በማልኮም ኤክስ የልደት ቀን፣ በኒው ዮርክ የሃርለም ሰፈር መናፈሻ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በከበሮ ግጥም አሰምተው «የመጨረሻዎቹ ገጣሚዎች» የሚባለውን ቡድን መሠረቱ። ስማቸውን የወሰዱት ከደቡብ አፍሪካዊው ባለቅኔ ከኬኦራፔትሴ ክጎሲትሲሌ ግጥም ሲሆን፣ የስሙ መልእክት ከእንግዲህ የግጥምን ቦታ ጠመንጃ ይወስደዋል የሚል ነበር። ከግጥሞቻቸው አንዱ፣ አብዮቱ ሲመጣ አንዳንዶቻችን የዶሮ ሥጋ በአፋችን እንደያዝን በቴሌቪዥን እናየው ይሆናል ብሎ የገዛ ወገኑን ይወቅሳል። የስኮት-ሄሮን ግጥም ለዚህ ስንኝ የተሰጠ መልስ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

ወቀሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1963 በበርሚንግሃም ከተማ ፖሊስ በጥቁር ሰልፈኞችና በልጆቻቸው ላይ ውሻ ሲለቅና በእሳት አደጋ ቧንቧ ውኃ ሲረጫቸው አሜሪካ በቴሌቪዥን ተመልክታለች። ይህ ትዕይንት ብዙ ሰው ቢያስቆጣም፣ አይቶ ከመቀመጫው ያልተነሳውም ብዙ ነበር። ስለዚህ ግጥሙ ከጣቢያዎቹ ይልቅ ከተመልካቹ ጋር ይሟገታል። የዘመኑን ተወዳጅ ተከታታይ ድራማዎችና የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ አብዮቱ ከእነዚህ በአንዱም አይመሰልም፣ በማስታወቂያም አይቋረጥም ይላል።

ወርቁ የሚገኘው በመዝጊያው ላይ ነው። አብዮቱ ድጋሚ ስርጭት እንደሌለው ከተናገረ በኋላ «ላይቭ ይሆናል» ብሎ ያበቃል። ይህ ቃል እንደ እኛ ቅኔ ኅብረ ቃል ነው፦ ሰሙ የቀጥታ ስርጭት፣ ወርቁ ደግሞ ሕያው የሆነ፣ ሰው በአካል ተገኝቶ የሚኖረው ማለት ነው። ገጣሚው ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ የመጀመሪያው ለውጥ በሰው አእምሮ ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ ካሜራ ሊቀርጸው እንደማይችል አስረድቷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አባባሉ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሲሉ የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን መታየቱን የሚያስታውስ ሰው፣ የእኛ አብዮትማ በቴሌቪዥን ተላልፏል ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ያን ምሽት በስክሪኑ የታየው ሕዝቡ ለወራት በአደባባይ ሲያነሳው የቆየው ጥያቄ ነበር፤ አባባሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከበሮ፣ ንግግርና ፊት ለፊት የሚደረግ ወቀሳ በኋላ ለሂፕ ሆፕ የተረፉ ውርሶች ናቸው። ሆኖም ሂፕ ሆፕ በፖለቲካ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ የብሮንክስ ሰፈር፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ላይ ጃማይካ የተወለደው ዲጄ ኩል ሄርክ ሙዚቃ ያጫወተበትና የሂፕ ሆፕ መነሻ የሚባለው ድግስ፣ እኅቱ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ያዘጋጀችው ነበር። በ1982 የሙዚቃ አዘጋጇ ሲልቪያ ሮቢንሰን ስለ ድህነትና ስለ ፈራረሰ ሰፈር የሚናገር ዘፈን ለግራንድማስተር ፍላሽ ቡድን ስታቀርብም፣ አባላቱ ሰው የሚመጣው ሊጨፍር ነው ብለው አመንትተው ነበር። በመጨረሻ ከቡድኑ አባላት አንዱ ሜሊ ሜል ተስማማ፤ «መልእክቱ» የተባለው ያ ዘፈንም ራፕ የሰፈሩን ችግር በግልጽ መናገር እንደሚችል አሳየ። ፐብሊክ ኤነሚን የመሳሰሉ ቡድኖች በዚያው መንገድ ተከተሉ።

ስኮት-ሄሮን «የራፕ አባት» መባልን አልወደደውም፤ ራሱን የብሉዝ ተመራማሪ ብሎ መጥራት ይመርጥ ነበር። ይሁንና በ1994 ለወጣት ራፐሮች በቀጥታ የተናገረበትን ግጥም አወጣ። በዚያም አክብሮቱን ከገለጸላቸው በኋላ፣ ሰው የምታስተምሩ ከሆነ የምትሉትን አውቃችሁ በሉ፣ የሰፈራችሁን ታላላቆችም ስሙ አላቸው።