አዳፕቴሽን ምንድን ነው? «መጽሐፉን አበላሹት» ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። «መጽሐፉ ላይ የሌለ የሰርከስ ታሪክ ከየት አምጥተው ዶሉበት? ይሄማ አዳፕቴሽን አይደለም።» አዳፕቴሽን ማለት በአንድ መልክ የተሠራን ሥራ፣ ለምሳሌ መጽሐፍን፣ ወደ ሌላ መልክ፣ ወደ ፊልም ወይም ወደ ተውኔት መለወጥ ነው። ነገሩ ስለ ብሪታንያዊው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ስለ ሮአልድ ዳል «ማቲልዳ» ነው፤ በ2022 ስለወጣው ሙዚቃዊ ፊልም። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ተናጋሪው መጽሐፉን በደንብ አንብቧል። የጎደለውንም የተጨመረውንም አንድ በአንድ ቆጥሯል። ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን ተጨመረ?

እኔ መጻሕፍትን ወደ መድረክና ወደ ሬዲዮ ድራማ በመለወጥ ነው የምተዳደረው። ይህቺ አነጋገር ደግሞ በጣም ታንገበግበኛለች። ብዙ ሰው አዳፕቴሽንን እንደ ፎቶ ኮፒ ነው የሚያየው። መጽሐፉን አንድ እጁ ላይ ይይዛል፣ ፊልሙን ሌላው ላይ፣ ከዚያ ልዩነት ይፈልጋል። ልዩነት ካገኘ ጥፋት ነው ይላል። ሥራው ግን ከዚያ በተቃራኒ ነው የሚጀምረው። ካልተለወጠ አዳፕቴሽን የለም።

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ሰምታችኋል? ሽለላ የቃል ጥበብ ነው። ሸላዩ ስሙን ይጠራል፣ ይፎክራል፣ ግጥም ይደረድራል። ሳክስፎን ደግሞ ቃል የለውም። ስለዚህ ግጥሙ በሙሉ ቀረ። ሆኖም የሰማው ሁሉ ሽለላ መሆኑን ያውቃል። ቁጣው አለ። የጉሮሮው መሻከር አለ። ትንፋሽ ወስዶ እንደገና መነሳቱም አለ። «ግጥሙ የት ሄደ?» ብሎ የከሰሰው ሰው ግን አላጋጠመኝም። የተጨመረም አለ። ሸላይ ብቻውን ቆሞ ነው የሚሸልለው፤ ሳክስፎኑ ከኋላው ባንድ ይዞ መጣ። ባንዱ ፉከራውን ቢሸፍነው ኖሮ እኔም ተበላሸ እል ነበር። አጎላው እንጂ አልሸፈነውም። መሣሪያው ሲቀየር የሚቀረውና የሚጨመረው በዚህ ነው የሚለካው።

ወደ ማቲልዳ ልመለስ። መጽሐፉ የወጣው በ1988 ነው። ማቲልዳ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ የቤተ መጻሕፍቱን የልጆች መጻሕፍት ጨርሳ ወደ አዋቂዎቹ የተሻገረች ልጅ ናት። ዳል ይህን በጥቂት ገጾች ይነግረናል፤ እኛም እናምነዋለን። መድረክ ላይ ግን የምታነብ ልጅ ምን ትመስላለች? ወንበር ላይ ቁጭ ያለች ልጅና አንድ የመጽሐፍ ሽፋን። በቃ። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው እሳት ለተመልካች አይታይም። ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የተባለው የእንግሊዝ የቴአትር ቡድን በ2010 በስትራትፎርድ ከተማ ሙዚቃዊ ተውኔቱን (የ2022ቱ ፊልም የተሠራው ከዚህ ነው) ሲያዘጋጅ ጸሐፊው ዴኒስ ኬሊ ያጋጠመው ችግር ይህ ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? አንባቢዋን ተራኪ አደረጋት። ማቲልዳ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለሚስስ ፌልፕስ ስለ አንዲት አክሮባትና ከሰንሰለት አምላጭ ስለሆነ ባሏ ትተርካለች። ትጀምርና ታቆማለች። ሚስስ ፌልፕስ ቀጣዩን ለመስማት ትቁነጠነጣለች። አዳራሹም አብሮ ይቁነጠነጣል። በኋላ ታሪኩ የመምህርቷ የሚስ ሃኒ ወላጆች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በመጽሐፉ የሚስ ሃኒ አባት ሐኪም ነው፤ ሰርከስ የሚባል ነገር የለም። አዎ፣ ተጨምሯል። የተጨመረው ግን መጽሐፉ ስለ ማቲልዳ የነገረንን ነገር በዓይናችን ለማሳየት ነው።

(መድረክ ላይ ልጆች የሚያሠራ ሰው ይህንን ልብ ይበል፤ ለንደን ላይ ማቲልዳን የሚጫወቱት በየተራ የሚገቡ ብዙ ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ ያን ሁሉ ዘፈንና ቃለ ተውኔት በየምሽቱ ልትሸከም አትችልም፤ የአገሩ ሕግም አይፈቅድም። በ2012 ኦሊቪዬ የተባለውን የለንደን የቴአትር ሽልማት አራቱ ማቲልዳዎች በጋራ ነው የወሰዱት። ጽሑፉን ስታዘጋጁ የልጅ ትንፋሽና ጉልበት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታሰብ።)

«ደራሲው ራሱ አዳፕቴሽን ይጠላ አልነበረም እንዴ?» የሚል ይመጣል። እውነት ነው። ዳል «ቻርሊ ኤንድ ዘ ቾኮሌት ፋክተሪ» ከሚለው መጽሐፉ ተሠርቶ በ1971 የወጣውን የዊሊ ወንካ ፊልም አልወደደውም። ትኩረቱ የቸኮሌት ፋብሪካውን ከሌሎች ልጆች ጋር ከሚጎበኘው ደሃ ልጅ ከቻርሊ ወደ ፋብሪካው ባለቤት ወደ ወንካ ሄደ ብሎ ተቆጥቷል። ለፊልሙ ገንዘብ ያወጣው ኩዌከር ኦትስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ነበር፤ በወንካ ስም ቸኮሌት ሊሸጥ ፈልጎ ነው። ስለዚህ የደራሲው ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። ግን አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። በ1964ቱ መጽሐፍ ቻርሊ የሚያሸንፈው ሌሎቹ ልጆች በየተራ ስለወደቁ ነው። እሱ ያደረገው ነገር የለም፤ ያላጠፋው ብቻ ቀረ። አንባቢ ይህን ይቀበላል፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከቻርሊ ጋር ተርቧልና። ፊልሙ ግን ፈተና ሰጠው። ተፎካካሪ መስሎ የቀረበ ሰው ከፋብሪካው አንዲት ከረሜላ ሰርቀህ አምጣልኝ፣ ገንዘብ እሰጥሃለሁ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ወንካ ጮሆበት ምንም አታገኝም ብሎ ሲያባርረው፣ ደሃው ልጅ ተመልሶ ከረሜላዋን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል። «ሚስተር ወንካ» ከማለት በቀር አይናገርም። በመጽሐፉ በዝምታ የኖረ ደግነት እዚህ አንድ ድርጊት ሆነ። በእኔ ዓይን በዚህ ቦታ ዳል ተሳስቷል፤ ፊልሙ ልጁን አክብሮታል።

ደግሞስ ዳል ራሱ የሰው መጽሐፍ ሲነካ እንዴት ነበር? በ1967 የኢያን ፍሌሚንግን የጄምስ ቦንድ ልብ ወለድ «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ»ን ለፊልም ጻፈ። ከልብ ወለዱ ጃፓንንና ጥቂት ገጸ ባሕርያትን ይዞ ታሪኩን ከሥር አዲስ አደረገው። በቀጣዩ ዓመት የዚያኑ ደራሲ የልጆች መጽሐፍ «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ»ን ከዳይሬክተሩ ጋር ለፊልም ሲጽፉ፣ ዛሬ ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ያ አስፈሪ ሕፃናት አዳኝ በፍሌሚንግ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ስለዚህ የዳልን ቅሬታ እንደ ሕግ አድርጋችሁ አታምጡብኝ። የገዛ መጽሐፉንም ለውጧል። በቻርሊ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም የወንካ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ኡምፓ ሉምፓዎቹ፣ ከአፍሪካ ጫካ የመጡ ፒግሚዎች ነበሩ። ነገሩ የባርነት ሽታ አለው ተብሎ ተቃውሞ ተነሳ፤ ልክም ነበር። የ1971ዱ ፊልም ፊታቸውን ብርቱካናማ፣ ፀጉራቸውን አረንጓዴ አደረገው። መጽሐፉ የተስተካከለው ከፊልሙ በኋላ፣ በ1973 ነው። «ለዋናው መጽሐፍ ታማኝ ሁኑ» ሲባል እንግዲህ ለየትኛው?

ታዲያ ያሻችሁን ለውጡ ማለቴ ነው? አይደለም። የዳልን «ዘ ዊቸስ» (ጠንቋዮቹ) ውሰዱ። በ1983ቱ መጽሐፍ ጠንቋዮች አንድን ልጅ ወደ አይጥ ይለውጡታል። አይጥ ሆኖ ይቀራል። ከአያቱ ጋር ቁጭ ብሎ ስንት ዓመት እንደሚኖር ይጠይቃል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሉታል። አያቱ 86 ዓመታቸው ነው። ልጁ ደስ ይለዋል፤ ከእሳቸው በኋላ ብቻውን መኖር አይፈልግም። የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው። የ1990ው ፊልም ግን መጨረሻ ላይ አንዲት ደግ ጠንቋይ አምጥቶ ልጁን ወደ ሰውነት መለሰው። ዳል ነደደ፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ። ለውጡ የመጣው ካሜራ ያንን መጨረሻ ማሳየት ስላቃተው አልነበረም። ሕዝቡ ያዝናል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ልጆች የሚችሉትን ሐዘን አዋቂ ፈራላቸው።

በ2020 ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ በሌላ ፊልም ታሪኩን ወደ 1960ዎቹ አላባማ፣ አሜሪካ ወሰደው። ልጁንና አያቱን ጥቁር አሜሪካውያን አደረጋቸው። አገሩ፣ ዘመኑ፣ ሰዎቹ ተለወጡ፤ ልጁ ግን አይጥ ሆኖ ቀረ። በቆጠራ ከሄድን ይህ ከ1990ው የበለጠ ከመጽሐፉ የራቀ ነው። በዚያ መጨረሻ ግን የበለጠ ቀርቧል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነበር። መጽሐፉ ላይ የድመት ዓይነት ጥፍር የተባለውን፣ ፊልሙ ጣት የጎደለው እጅ አድርጎ ሳለው። እንደዚያ ዓይነት እጅ ይዘው የተወለዱ ሰዎች አዘኑ፤ ዋርነር ብራዘርስም ይቅርታ ጠየቀ። ዝርዝር መለወጥ ቀልድ አይደለም፤ እያንዳንዷ ለውጥ ለብቻዋ መልስ ሊኖራት ይገባል።

ቃሉ ያለ ቦታው ሲገባም ላርም። የ2005ቱ የቻርሊ ፊልም የ1971ዱ ሪሜክ (የቀድሞ ፊልም ዳግም ሥራ) አይደለም፤ ከዚያው መጽሐፍ የተነሣ ሌላ አዳፕቴሽን ነው። የ2023ቱ «ወንካ» ገጸ ባሕርዩን ወስዶ አዲስ ታሪክ የፈጠረ ነው። በዚያው ዓመት አሳታሚው ፓፊን በዳል መጻሕፍት ላይ ቃላት የቀየረው ደግሞ የአርትዖት ጉዳይ ነው፤ ተከራከሩበት፣ ግን በስሙ ጥሩት። መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተረክም፣ ቢያሳጥሩትም፣ ያው ትረካ ነው። ድራማ ሲሆን ግን ሰውየው ያሰበውን አንድ ሰው ጮክ ብሎ መናገር ወይም ማድረግ አለበት፤ የእኛ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«ማቲልዳን» በአማርኛ መድረክ ላይ ላውጣው የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ፈቃድ። ዳል የሞተው በ1990 ነው፤ በእንግሊዝ ሕግ መብቱ እስከ 2060 መጨረሻ ይቆያል። የመብቱ ባለቤት የነበረውን የቤተሰቡን ኩባንያ ኔትፍሊክስ በ2021 ገዝቶታል። የመጽሐፉ መብትና የሙዚቃዊ ተውኔቱ መብት ለየብቻ ነው። የአክሮባቷን ታሪክ ከፈለጋችሁ የመጽሐፉ ፈቃድ ብቻ አይበቃችሁም።