ስስ ጠንካራ ሽፋን ምንድን ነው? የሲኒ ልባጥ የሚነግረን

ከቤታችሁ ያረጀውን ሲኒ አንሡና ውስጡን ወደ ብርሃን አዙሩት። ቡና የጠጣ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ቀጭን መስመር ታዩበት ይሆናል። የተሰነጠቀው ገላው ሳይሆን የለበሰው አንጸባራቂ ልባጥ ነው። ልባጡ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያንስ፣ ሲኒው ሲተኮስ ቀልጦ ገላው ላይ የተጣበቀ የብርጭቆ ዓይነት ነው። ስስ ጠንካራ ሽፋን ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ዛሬ የመነጽር መስታወትም፣ ጠርሙስም፣ የብረት መቁረጫ ስለትም የየራሱን ይለብሳል።

ጠንካራ ነገር የለበሰ ዕቃ በቀላሉ አይሰበርም ብለን እናስባለን። ነገር ግን ጭረትን መቋቋምና ስብራትን መቋቋም የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መስታወት ቆራጭ ቤት መሄድ ይበቃል። ቆራጩ በትንሿ መንኮራኩር አንድ ጊዜ ይጭርና መስታወቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎበጥ ሲያደርገው በጭረቱ ልክ ይከፈላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን አስረድቷል፤ መስታወትን የመሰለ ተሰባሪ ነገር አቅሙን የሚወስነው ያለበት ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ አራት እጥፍ ቢጠልቅ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ላይ ስለሚገኝ፣ ገጹን የነካ ሁሉ ጥንካሬውን ነካ ማለት ነው።

ወደ ሲኒው እንመለስ። ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ገላውም ልባጡም ይኮማተራሉ። ልባጡ ከገላው ጥቂት ያነሰ እንዲኮማተር ሆኖ ከተቀመመ፣ ገላው ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ገጽ ላይ ያለ ስንጥቅ አፉን እንዲከፍት የሚሰብረው ኃይል አስቀድሞ ጭምቁን ማሸነፍ አለበት፤ ስለዚህ ሲኒው ይጠነክራል። ጭምቁ ከልክ ካለፈ ግን ልባጡ ከከንፈሩ እየተላጠ ይረግፋል። ልባጡ ከገላው የበለጠ ከተኮማተረ ደግሞ እንደ ጠበበ ሸሚዝ ይወጠርና ይተረተራል፤ ያ ድር የሚመጣው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሲኒ ልባጥ ጨርሶ ካልነካው ሲኒ ይልቅ ሊደክም ይችላል።

የብረት መቁረጫ ስለት የሚለብሰው ወርቅማ ሽፋን፣ ቲታኒየም ናይትራይድ፣ ነገሩን ያከብደዋል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ሰባ ገደማ ነው። ግትርነቱ ግን የመስታወትን ከአምስት እጥፍ በላይ ያህላል። ከሥሩ ያለው ነገር ሲጎብጥ አብሮ መጉበጥ ግድ ስለሚሆንበት፣ ከድርሻው በላይ ጫና ተሸክሞ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የስንጥቁ ስለታም ጫፍ ከሥሩ ያለውን ገላ ይነካል። ሽፋኑ በደንብ ከተጣበቀ ስንጥቁ ሰተት ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በላላ ከተጣበቀ በመጋጠሚያው ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል። ጥሩ ማጣበቅ እዚህ ላይ ጠንቅ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የብረት መቁረጫ ስለት የሚሠሩ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በጋዝ የሚለበጠው ሽፋን ሲቀዘቅዝ ይወጠርና ልክ እንደ ሲኒው ድር ያወጣል። በ500 ዲግሪ ገደማ፣ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በአየኖች (ኤሌክትሪክ በያዙ አቶሞች) እየተደበደበ የሚለበጠው ግን ተጨምቆ ይቀራል። ስለቱ እየቆረጠ፣ እየለቀቀ በሚመታበት ሥራ ላይ ሁለተኛው የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጠርሙስ ሌላ ዘዴ አለው። ገና ትኩስ እያለ በዓይን የማይታይ የቆርቆሮ ኦክሳይድ፣ ሲበርድ ደግሞ የሚያንሸራትት ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ይረጩበታል። ዓላማው ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ አዲስ ጭረት እንዳያገኙ ነው። ተመላልሶ የሚሞላ የለስላሳ ጠርሙስ ግን በኮስቲክ ሶዳ በታጠበ ቁጥር የላይኛውን ሽፋን ያጣል። ወገቡና ትከሻው ላይ የምታዩት ሻካራ ነጭ ቀለበት፣ ከጎረቤቱ ጋር እርቃኑን ሲፋተግ የኖረበት ቦታ ነው።