የምርኮኞች የቡድን ፎቶ ምንድን ነው?

"ይኼማ ሽርሽር እንጂ ምርኮ አይደለም።" ሰሞኑን አንድ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ስለማረከቻቸው የእንግሊዝ ወታደሮች የጻፈው ነው። ፎቶው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ልብሳቸው ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ ነው። መሃል ላይ ኳስ አለ። ፈገግ ያሉም አሉ። በቃ፣ "ደልቷቸው ነበር" ተባለ። ይህን አባባል ስንቴ እንዳየሁት!

እንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ስለ ኑሯቸው እንዲመሰክር አልተነሣም። ለቤተሰብ የሚላክ ደብዳቤ ነው። የሚለውም አንድ ነገር ነው፦ "አለሁ፣ አታልቅሱ።"

እኛ እኮ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ልጁ ከገጠር አዲስ አበባ ይመጣል። ቀን ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ማታ በረንዳ ያድራል። ለእናቱ ፎቶ መላክ ሲያምረው ፎቶ ቤት ይገባል። የፎቶ ቤቱን ኮትና ከረባት ያጠልቃል። ፕላስቲክ አበባው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያው ኮት የስንቱ ቤተሰብ አልበም ውስጥ አለ! ዛሬም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ሞል በር ላይ አምራ ተነሥታ ነው የምትልከው። ስታለቅስ ያደረችበትን ሌሊት ማን ፎቶ አነሣው? እናትም ፎቶውን ስማ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።

የምርኮኛውም "ኮት" እንዲሁ ነው። ያ ንጹሕ የደንብ ልብስ ብዙ ጊዜ ከአገሩ በቀይ መስቀል በኩል የተላከለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የተማረኩት ብዙዎቹ ያገኙትን ቡትቶ ለብሰው፣ የእንጨት ጫማ ተጫምተው ነው የከረሙት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ቅጂ የፊተኛው ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቦት ጫማቸው በደንብ ይታያል። የኋለኞቹ እግር ግን አይታይም። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለዚያ ስለማይታየው እግር ነው።

ደግሞ ጀርባውን አዙሩት። የካምፑ ቁጥር ያለበት ማህተም አለ፣ "ገፕሩፍት" ይላል። "ተመርምሯል" ማለት ነው። ሳንሱር ያላለፈው አይላክም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁጥሩ የሚነግረን ሰውየው የተመዘገበበትን ካምፕ ነው፣ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ አይደለም። ተራ ወታደር በቡድን በቡድን እየተከፈለ ማዕድን ማውጫ፣ እርሻ፣ ፋብሪካ ይላክ ነበር። መኮንኖችን ግን እ.ኤ.አ. የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ከግዳጅ ሥራ ነፃ ያደርጋቸዋል። እነሱ ካምፕ ውስጥ ቲያትር ሲሠሩ የተነሡትን ፎቶ አምጥቶ "ምርኮኛ ሁሉ እንዲህ ኖረ" ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ያለ ፈቃድ የተነሣ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ኦስትሪያ ውስጥ የነበረውን ኦፍላግ 17ኤ የተባለ የምርኮኛ መኮንኖች ካምፕ ይመልከት። የፈረንሳይ መኮንኖች የካሜራውን ዕቃ ቋሊማ ውስጥ ደብቀው አስገቡ። ከዚያ ካሜራውን ሆዱ በተቦረቦረ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሸሽገው ካምፑን ቀረጹ። እዚያ ላይ ተደርድሮ የሚስቅ ሰው አትጠብቁ።

"እንግዲያው ውሸት ነው፣ ይጣል" የሚሉም አሉ። እንዴት ይጣላል? የልጇን መኖር ለእናቱ ያበሰረ ወረቀት እኮ ነው! ይህ ዕድል ደግሞ ለሁሉም አልደረሰም። ጀርመን ከማረከቻቸው 5.7 ሚሊዮን ያህል የሶቪየት ወታደሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት አልቀዋል፣ ብዙዎቹ በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ። አንዳንዴ ከእንግሊዞቹ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነበር። እነሱ ግን የቀይ መስቀል እሽግም፣ ለቤተሰብ የሚላክ ደብዳቤም አልነበራቸውም።

ስለዚህ ከአያቶቻችሁ አልበም እንዲህ ያለ ፎቶ አግኝታችሁ የምትለጥፉ፣ እባካችሁ ጀርባውንም ስካን አድርጉት።