«ሆስፒታል ብር መጨረስ ነው» ለምትሉ፦ ስለ ስብራት ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው አጥንት ክፍል ነው። ከአስታማሚዎች የምሰማው ነገር አይለወጥም፦ «ሆስፒታል ብር መጨረስ ነው ብለን መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰድነው።» ሰልችቶኛል፣ ያናድደኛልም። ዛሬ በግልጽ ልጻፈው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። ጀሶ አጥንት አያበሰብስም። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይቀጥናል፣ ሲንቀሳቀስ ይመለሳል። አዋቂ ሰው እግር ውስጥ የገባ ብረትም ካላመመና ካላመረቀዘ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቢቀር ችግር የለውም። ለማስወጣት ብላችሁ አትበደሩ።

«በመኪና የተገጨ ሰው ብር ካላስያዘ አይታከምም» የሚባለው ሕጉን ካለማወቅ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ለተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና ወጪ ሽፋን ይሰጣል፣ ጣሪያ ቢኖረውም። ገጪው ቢያመልጥ እንኳ የመድን ፈንድ የሚባል ነገር አለ። ስለዚህ ታርጋውን መዝግቡ፣ የፖሊስ ማስረጃ ያዙ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ወርቁን ሸጦ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ወጌሻ ርካሽ ነው፣ ሆስፒታል ውድ ነው። እውነት?

አንድ ልጅ ላንሳ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቆ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ አሰረለት። ልጁ ሲያለቅስ አደረ፣ «ሲጠገን ያማል፣ ቻለው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ተወ፣ ቤተሰቡም ተሻለው ብሎ ደስ አለው። አልተሻለውም፣ ነርቩ ሞቶ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሲባጎውን በመቀስ ቆርጬ ስፈታው ጣቶቹ ከሰል መስለዋል፣ ብነካቸው አይሰማውም። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል፣ እሱ ግን ቀናት አልፈውታል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ አንድ ራጅ፣ ማደንዘዣ፣ ጀሶ፣ ከዚያ ቀጠሮ። አብዛኛው የልጅ ክንድ ስብራት ከዚህ አያልፍም። ዘግይቶ ሲመጣ ግን እጁ መቆረጥ ነበረበት፤ ኦፕራሲዮን፣ ደም፣ አንቲባዮቲክ፣ የሳምንታት አልጋ፣ የአስታማሚ ምግብና ትራንስፖርት ጠየቀ። ሰው ሠራሽ እጅ ደግሞ ልጁ ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት። አባትየው ለወጌሻው የከፈለው ጥቂት መቶ ብር ነበር። እኛ ጋ የመጣው በሬ ሸጦ ነው። ልጁ በዚያ እጁ ሊሠራበት የሚችለውን ዕድሜ ልክ ማን ይቆጥረዋል?

«ሆስፒታል ከሄድክ ይቆርጡሃል» የሚለው ወሬም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰፈሩ የሚያየው ልጁ ሆስፒታል ገብቶ ያለ እጅ መውጣቱን ነው። እጁ ቤት ውስጥ መሞቱን አላየም። ሐኪም የሞተውን የሚቆርጠው መመረዙ ልጁን ራሱን እንዳይገድለው ነው።

ሌላው «ከኦፕራሲዮን ክብደት አንጠልጥሎ መተኛት ይረክሳል» የሚባለው ነው። የጭን አጥንት የተሰበረ አዋቂ በክብደት ሲታከም 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ አልጋ ላይ ነው። ጀርባው ይቆስላል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ሚስቱ ወይ ወንድሙ ሥራ ፈትቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ቤት ያሉትን ማን ያብላ? ብረት የገባለት ግን ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። ደግሞ ብረቱ ሁልጊዜ በብር አይደለም። ዶክተር ሉዊስ ዘርክል የሚባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ብረቱን በነፃ ይሰጣል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ጥቁር አንበሳም ተጠቅሞበታል። ስለዚህ «ኦፕራሲዮን» ሲባሉ ከመፈረም በፊት የሚጠፉ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ቆማችሁ ጠይቁ። ብረቱ ይከፈልበታል ወይ? ስንት ቀን ይተኛል? መቼ ይቆማል?

ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ ብዙዎቹ ለመርዳት ነው የሚሠሩት። ግን የተሰበረ አጥንት ወይም ቁስል ያለበት ስብራት የእነሱ ሥራ አይደለም። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ ንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ቅቤም ቡናም አትነስንሱበት። አንቲባዮቲክ በቶሎ መጀመር አለበት።

ስብራቱ የታሰረለት ሰው ቤት ካለ አሁኑኑ የታሰረውን እጅ ወይም እግር ጥፍር ተጫኑት። ነጣ ይላል፣ ሲለቀቅ በ2 ሰከንድ ገደማ መቅላት አለበት። ካልቀላ፣ ጣቱ ከደነዘዘ፣ ካበጠ፣ ወይም ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ሕመሙ ካስጮኸው፣ ማን እንዳሰረው ሳትጨነቁ ማሰሪያውን ቆርጣችሁ ፍቱት። ጀሶ ከሆነ ያለ መጋዝ በቀላሉ አይፈታምና ይዛችሁት ሩጡ። ሌሊት ቢሆንም ነገን አትጠብቁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።