የዕድሜ ዲጂታል ክፍተት ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ ወጣቶችና አረጋውያን ኢንተርኔትን በሚጠቀሙበት መጠንና መንገድ ላይ ያለው ልዩነት ነው። ድሮ ጥያቄው "ኢንተርኔት አላቸው ወይ?" የሚል ነበር። ስማርት ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ ግን "ገብተው ምን ያደርጋሉ?" ወደሚለው ዞሯል።

ሁሉንም ነገር በዕድሜ ማሳበብ ያሳስታል። ሁለት የ70 ዓመት ሰዎች አሉ እንበል። አንዷ በቢሮ ሥራ ከኮምፒውተር ጋር ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ዛሬ ዜናውንም ክፍያውንም በስልክ ይጨርሳሉ። ሌላው በሥራ ዘመናቸው ኪቦርድ ነክተው አያውቁም፤ ስልካቸው ከመደወልና ከማንሳት አያልፍም። ዕድሜያቸው እኩል ነው። የለያያቸው ትምህርት፣ የቀድሞ ሥራ፣ ገቢና ጤና ነው።

አካልም ድርሻ አለው፣ አይካድም። ከ40ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል። የደረቀ ጣት ተች ስክሪን ላይ ቶሎ አይሠራም። አልሠራ ሲል ሰው ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ያኔ ያልጠራው ሜኑ ዱብ ይላል። "አበላሸሁት መሰለኝ" ይሉና ስልኩን ያስቀምጡታል። ለእኔ ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ በ1989 እንደጻፈው፣ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ እንዲቀበል የሚገፋፉት ሁለት እምነቶች ናቸው፦ ይጠቅመኛል እና አይከብደኝም። እኛ ወላጆቻችንን ስናስተምር "ቀላል እኮ ነው!" እያልን ሁለተኛው ላይ እንንጠለጠላለን። ምን እንደሚጠቅማቸው ግን አንነግራቸውም።

አጠቃቀማቸው ጠበብ ማለቱም ሁልጊዜ አለመቻል አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ላውራ ካርስተንሰን እንደምትለው፣ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው ከአዲስ ትውውቅ ይልቅ ለቅርብ ሰዎቹ ያደላል። ከልጅ ልጅ ጋር በቪዲዮ አንድ ሰዓት አውርተው ቲክቶክን ዞር ብለው የማያዩ አያት መርጠው ነው።

ከዚህ ሁሉ ላይ የመጭበርበር ፍርሃት አለ፤ እሱም መሠረት አለው። ስለዚህ አጠገባቸው ማን አለ የሚለው ብዙ ይወስናል። ችግሩ፣ አብዛኞቻችን ትዕግሥት የለንም። "አምጪው እማዬ፣ እኔ ላድርግልሽ" ብለን ስልኩን እንቀበልና በሦስት ሰከንድ ጨርሰን እንመልሳለን። በሳምንቱ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ቁልፉን የነካው የእሳቸው ጣት አልነበረማ።