ዲስኮኔክት ምንድን ነው? ግንዱ ራሱ ፉርጎ ሲሆን

ከጎን ሆናችሁ ስታዩት የጎደለ ነገር አለ። ከፊት አራት መንኮራኩር፣ ከኋላ አራት መንኮራኩር፣ በላያቸው አንድ ወፍራም ግንድ። መሃሉ ባዶ ነው። ወለል የለም፣ ጎንና ጎን የለም። ሐዲዱ ከግንዱ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዲስኮኔክት የሚባለው ግንድ ጫኝ የባቡር ፉርጎ ይኼ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ "ያልተያያዘ" እንደማለት። ተራ የጭነት ፉርጎ ረጅም አካል አለው፤ አካሉ ከሥሩ ባሉ ሁለት ቦጊዎች ላይ ያርፋል። ቦጊ ማለት አራት መንኮራኩር ያላት፣ ኩርባ ላይ የምትዞር አጭር ጋሪ ናት። ዲስኮኔክት ላይ አካሉ የለም፤ ሁለቱ ቦጊዎች ብቻቸውን ናቸው። የሚያገናኛቸው የተጫነው ግንድ ነው። ሎኮሞቲቩ የፊተኛዋን ቦጊ ይጎትታል፣ እሷ ግንዱን፣ ግንዱ ደግሞ የኋለኛዋን። ጭነቱ የፉርጎው አከርካሪ ሆኖ ይሠራል።

በብዛት የሠራው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ነው፦ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ። ጊዜው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው አጋማሽ። እዚያ ያሉት ዛፎች፣ ዳግላስ ፈርና ሬድዉድ፣ ግዙፎች ናቸው። የሚቆረጡበት ርዝመት ደግሞ ይለያያል። አካል ያለው ፉርጎ ርዝመቱ አንድ ነው፤ ዲስኮኔክት ግን ቦጊዎቹን አራርቆ ወይም አቀራርቦ ከግንዱ ጋር ይረዝማል፣ ያጥራል። ግንድ ሲጫን ወድቆ የሚሰብረው ወለልም የለውም። ጫካ ውስጥ የሚነጠፈው ሐዲድ ዛፉ ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚሄድ ስለነበር ኩርባው ጠባብ፣ ዳገቱም ብርቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎትተው ሼይ የሚባለው በማርሽ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ነበር፤ ፈጣሪው ኤፍሬም ሼይ ፓተንቱን፣ ማለትም የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው።

አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ዊልያም ፒጎት እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያትል ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ ለግንድ ጫኝ ባቡሮች ዕቃ ይሠራ ነበር። ያ ፋብሪካ ዛሬ ፓካር ነው፤ የኬንወርዝና የፒተርቢልት የጭነት መኪናዎች ባለቤት።

ትልቁ ችግር ፍሬኑ ነበር። በተራ ባቡር ላይ የአየር ፍሬን ቱቦ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይተላለፋል። እዚህ ግን በሁለቱ ቦጊዎች መካከል ያለው እንጨት ነው፣ ርዝመቱም በየጉዞው ይለዋወጣል። አብዛኞቹ በእጅ ፍሬን ነበር የሚቆሙት። ፍሬን ያዡ ባቡሩ እየሄደ፣ ከግንድ ወደ ግንድ እየተራመደ ነበር የሚያጠብቀው። በዝናብ የራሰ ግንድ ላይ መራመድ ምን እንደሆነ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚያጓጉዙ ባቡሮችን የአየር ፍሬንና በራሱ የሚቆለፍ ማያያዣ እንዲኖራቸው አስገደደ። ስለዚህ ዲስኮኔክት በአብዛኛው ከግንድ ቆራጩ ኩባንያ የግል ሐዲድ ሳይወጣ ቀረ።

አሁን ወደ ሞዴሉ፣ ማለትም የዚህን ፉርጎ ትንሽ አምሳያ ወደ መሥራቱ። ሌላ ፉርጎ ስትሠሩ መጀመሪያ ፉርጎውን ትጨርሱና ጭነቱን በመጨረሻ ታስቡበታላችሁ። ዲስኮኔክት ሲሆን ሥራው ከግንዱ ይጀምራል። ግንዱ መጥፎ ከሆነ ፉርጎው መጥፎ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ልኬት ኤችኦ ነው፣ 1 ለ 87። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው የ1,435 ሚሊሜትር ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። 12.2 ሜትር ግንድ ወደ 140 ሚሊሜትር፣ 1.5 ሜትር ውፍረት ደግሞ ወደ 17 ሚሊሜትር ይወርዳል። የአውራ ጣት ያህል ማለት ነው። እውነተኛ የዛፍ ቅርንጫፍ ተጠቀሙ፤ ከፕላስቲክ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ግን ቅርፊቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስንጥቁ ሰፋ ካለ፣ በ87 ሲባዛ ሰው የሚገባበት ገደል ይሆናል። ደቃቅ ቅርፊት ያለውን ፈልጉ። ከዚያ ለሳምንታት ይድረቅ። እርጥቡን የተጠቀመ ሰው በኋላ ቅርፊቱ ሲላቀቅና ጫፉ ሲሰነጠቅ ያያል። ጫፎቹን በደቃቅ መጋዝ ቁረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት በጣም አታለስልሱ፤ የመጋዙ ምልክት ትንሽ ቢቀር ያምራል። ቅርንጫፉ ጎበጥ ያለ ከሆነ ጉብታው ወደ ላይ ይሁን። ወደ ጎን ከሆነ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

የመጀመሪያዬን ስሠራ ግንዱን ከሁለቱም ቦጊዎች ጋር በሙጫ ድርቅ አድርጌ አጣበቅሁት። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ጥሩ ሄደ። ኩርባው ላይ ሲደርስ የኋለኛዋ ቦጊ ወጣች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በእውነተኛው ላይ ግንዱ የሚያርፍበት አግዳሚ በመሃሉ ባለ ፒን ላይ ይዞራል። ሙጫው ግንዱንና አግዳሚውን ብቻ ይያዝ። አግዳሚው ከቦጊዋ ጋር በትንሽ ብሎን ይታሰር። የፊተኛውን ብሎን ቦጊዋ ግራና ቀኝ እንድትዞር ብቻ ልቀቁት። የኋለኛውን ትንሽ ላላ አድርጉት፣ ቦጊዋ ወደ ጎን ዘንበል ማለትም ትችል። አንዱ ሐዲድ ከሌላው በፀጉር ያህል ዝቅ ቢል እንኳ ስምንቱም መንኮራኩሮች ሐዲዱን ይይዛሉ።

ክብደት ቀጣዩ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው 1 አውንስ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ነው። ለእኛ 140 ሚሊሜትር ወደ 106 ግራም ይመጣል። የደረቀ እንጨት ግን 20 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ግንዱን ከታች በኩል ቦርቡራችሁ ብረት ሙሉበት። ከላይ በኩል አይሁን፣ ፉርጎው ከአናቱ ይከብድና ኩርባ ላይ ይወድቃል። 106 የግድ አይደለም፤ የብረት መንኮራኩር ካላችሁ ከዚያ ባነሰም በደንብ ይሄዳል።

ግንዱ ሥር የሁለቱ ቦጊዎች ማያያዣዎች ተፋጠው፣ ሳይነካኩ ይቀራሉ። እንደዚያ ተዉአቸው። በእውነተኛው ባቡር ግንዱ በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካው ኩሬ ውስጥ ከተራገፈ በኋላ ባዶዎቹ ቦጊዎች በእነዚያ ማያያዣዎች እርስ በርስ ተቆላልፈው ወደ ጫካ ይመለሱ ነበር። ባዶዎቹንም መሥራት ከፈለጋችሁ ቦታቸው የባቡሩ ጅራት ነው። መሃል ካስገባችኋቸው ከኋላቸው ያለው ክብደት ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ ስቦ ይጥላቸዋል።